አንድ ፍቺ ብቻ የቀረለት ቃል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ታናሽ እኅቴ ነው፤ እንድናገር ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን እተወዋለሁ።

አባታችን ባረፈ ዓመት፣ ራእይ ይገለጥልኛል በሚል ሰው ዙሪያ ከተሰበሰቡ ሰዎች ጋር ተዋወቀች። መጀመሪያ ያጽናኗት እነርሱ ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባኝም። ቀስ በቀስ ሥራዋን ለቀቀች፣ የባንክ ደብተሯን አስረከበች፣ በመጨረሻም ደብረ ማርቆስ ካለው ቤታችን እግሯ ቀረ። እኔም ታላቅ ወንድም ነኝ ብዬ ሽማግሌ ይዤ ሄድሁና በሰው ፊት «አዋረድሽን» እያልሁ ጮኽሁባት። ሰውየው ግን «ቤተሰቦችሽ መጥተው ይፈትኑሻል» ብሎ አስቀድሞ ነግሯት ስለነበር፣ ጩኸቴ ትንቢቱን ከመፈጸም በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጄይ ሊፍተን፣ በቻይና የአስተሳሰብ ለውጥ ዘመቻ ያለፉ ሰዎችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት የሰውን አስተሳሰብ ጠቅልለው የሚቆጣጠሩ ስብስቦች የሚታወቁባቸውን ስምንት ምልክቶች ዘርዝሯል። እኔን የያዘኝ ስለ ቋንቋ የጻፈው ነው፤ በእንዲህ ያለ ስብስብ ውስጥ ቃል ይጠብና ሐሳብን የሚቆርጥ መፈክር ይሆናል። ጎጃም ላደገ ሰው ይህ ለመረዳት አይከብድም። የቅኔ ቤት ተማሪ ሰሙን ሲሰማ ወርቁን ይፈልጋል፤ ለእኅቴ ግን «ፈተና» የሚለው ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ቀርቶለት ነበር። ረኀቧም ፈተና፣ የእናታችን እንባም ፈተና፣ የገዛ ራሷ ጥርጣሬም ፈተና ነበር።

በጉልበት ልናመጣት ተማክረን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ልጆቻቸውን አስይዘውና ቤት ዘግተው እምነታቸውን ሊያስጥሉ የሞከሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ነገሩ ብዙ ክስ አስከትሏል። እኛን ያስተወችን እናታችን ናት፤ «ልጄ እኮ ናት፣ የጠፋ በሬ አይደለችም» አለች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትደውልላት፣ ስለ እምነቱ አንድም ቃል ሳታነሣ ስለ ዶሮዎቿና ስለ ጤፉ አጨዳ ታወራት፣ በሰው እጅም በሶ ትልክላት ነበር። ከዓመት በላይ እንዲህ ከቆየ በኋላ አንድ ምሽት እኅቴ ራሷ ደውላ «እማ፣ አልጋዬ አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀች።

እርግጥ ትዕግሥት ለሁሉም አይሆንም። በኬንያ ሻካሆላ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ400 በላይ አስከሬን የተገኘው ሰዎች እስከ ሞት እንዲጾሙ ስለተነገራቸው ነው፤ ሕፃን ከተራበ ወይም ሕመምተኛ መድኃኒት ከተከለከለ ወደ ሕግ መሄድ እንጂ በሶ መላክ አይበቃም።

መመለሷ ግን የችግሩ መጨረሻ አልነበረም። ሻይ ወይስ ቡና ስትባል መምረጥ አቅቷት ታለቅስ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ የመረጠላት ሌላ ሰው ነበርና። ለቡና የሚመጡ ጎረቤቶች «አንቺን የመሰለች አስተዋይ እንዴት ተታለልሽ?» ሲሏት ማጽናናታቸው ነበር፤ እርሷ ግን ቡናው ሳይፈላ ተነሥታ ትወጣለች። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ስትመላለስ ከረመች፤ እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት።

ባለፈው ሳምንት ስደውልላት «ወንድምዓለም፣ ዛሬ አታስወራኝ፣ ነገ ፈተና አለብኝ» አለችኝ። ደነገጥሁ። ለካ የማታ ትምህርቷ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ፈተና ነው።