ማነው አብሮህ ያለው?

እንደምን አመሻችሁ። የጎረቤት ዶሮ ዛሬም አብሮን ነው፤ እንደተለመደው ታገሱት።

ስለ ኮረስ ፔዳሉ፣ የአንዱን ጊታር ድምፅ የሁለት ስለሚያስመስለው በእግር የሚረገጥ ሳጥን፣ ልነግራችሁ ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ያ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ ይዞት መጥቶ፣ «ሁለት ሳምንት ሞክረው፣ ከተስማማህ ትገዛዋለህ» አለኝ። ቅዳሜ ሁለት ሳምንቱ ይሞላል። ያየሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሬያለሁ። ግን ከወረቀቱ የቀረ ነገር አለ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ወረቀቱን ላስቀድም። ማዞሪያው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ለፍጥነት፣ አንዱ ለጥልቀት። በርካሽ አዳፕተር ስሰካው ዝዝዝ ይላል፤ በ9 ቮልት ባትሪ ግን ጸጥ። ባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ የጊታሩን ገመድ ንቀሉ። ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ጠዋት አልቆ ታገኙታላችሁ።

ፔዳሉ አናሎግ ነው። አናሎግ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። እኛ ጋ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሕዝቡ ተሰልፎ ድንጋይ እጅ በእጅ ይቀባበላል አይደል? ውስጡ ያለችው ቺፕ የምትሠራው እንደዚያ ነው። ድምፁ በኤሌክትሪክ ቻርጅ መልክ ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ይተላለፋል። በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣው ቦስ ሲኢ-2 በሚባለው ኮረስ ፔዳል ውስጥ ያለችው ቺፕ 1024 ደረጃ አላት። 1024 ሰው ተሰልፏል በሉት። ድምፁ መጨረሻው ጋ የሚደርሰው ጥቂት ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው። ቅብብሎሹ ደግሞ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ስለዚህ የዘገየው ድምፅ ቅኝት በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ያንን ከዋናው ድምፅ ጋር ስትቀላቅሉት ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል። በመንገዱ ላይ ሹል ሹሉ ድምፅ ይለዝባል። ሰው «ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚለው አንድም ይህንን ነው።

በ1975 እ.ኤ.አ. ሮላንድ ያወጣው ጄሲ-120 የሚባለው አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ሁለት ስፒከር አለው። ኮረሱን ስታበሩት አንዱ ስፒከር ንጹሑን ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው የሚዋልለውን። የሚገናኙት አየር ላይ፣ ክፍሉ ውስጥ ነው። ልክ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንደተቀመጠ።

በኛ ቅኝት ሞከርኩት። አንቺሆዬ ላይ ጥልቀቱን ከፍ ካደረጋችሁት ይበላሻል። ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በጣም የተጠጋጉ ናቸው፤ ሲዋልሉ ይደበላለቃሉ። ትዝታ ሜጀር ላይ ግን፣ ፍጥነቱን ቀነስ፣ ጥልቀቱን ከግማሽ በታች... እንዲያው ምን ልበላችሁ።

ማክሰኞ ማታ ነው። መብራት ሄዷል። በባትሪ የምትሠራዋን ትንሿን አምፕ አውጥቼ እዚሁ ተቀመጥኩ። እማዬ ጓዳ ቡና ትወቅጣለች። መጀመሪያ ፔዳሉን ሳላበራ ትዝታን አንድ ዙር ተጫወትኩ። ከዚያ ረገጥኩት። ሁለተኛው ዙር እኩሌታ ላይ ዘነዘናው ቆመ።

«አንተ፣ ማነው አብሮህ ያለው?»

«ማንም የለም» አልኳት።

ዝም አለች። ቆየች። ከዚያ «መጣ እንዴ?» አለችኝ።

ቅደም ተከተሉ ነው የማይለቀኝ። ማንም የለም ካልኳት በኋላ ነው መጣ እንዴ ያለችው። ሰምታኛለች። ሰምታኝ ነው የጠየቀችው።

የታናሼን ነገር ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። አብረን ስንጫወት ሁልጊዜ እኔን ተከትሎ ነበር የሚገባው። በማሲንቆ ጭራ ላይ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለም፤ ተንሸራትቶ ነው ድምፁን የሚያገኘው። ትንሽ ዘግየት፣ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ። እኔ ደግሞ «ተስተካከል» እያልኩ እቆጣው ነበር። አሁን ያንኑ አለመስተካከል በገንዘብ ልገዛ ነው።

ከክፍሌ ስወጣ ረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ ተደርድሯል። እኛ ሁለት ነን። እኔም ምንም አላልኩም፣ እሷም አላነሳችውም። ሁለቱን ቀዳች። ሦስተኛው እስከ በረካ ድረስ ባዶውን እዚያው ነበር።

እስካሁን ያልኩት ይቅርና... የሚከብደኝ ሌላ ነው። ረቡዕ፣ ያንኑ ሰዓት ጠብቄ በአናሎጉ ፈንታ ዲጂታሉን ኮረስ፣ ድምፁን ወደ ቁጥር ቀይሮ የሚሠራውን፣ ሰካሁ። ፍጥነቱን አንድ ዓይነት አደረግሁት። ያንኑ ትዝታ ተጫወትኩ። ጆሮዬ ግን ጓዳ ነበር። ዘነዘናው አልቆመም። ወረቀቴ ላይ «አናሎጉ ይበልጣል» ብዬ ጻፍኩ። አሰመርኩበትም። ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያደረግሁት የገባኝ። እናቴን ፈተንኳት። በልጇ ፈተንኳት።

ፈተናውም ቢሆን ፈተና አይባልም። ረቡዕ መብራት ነበር። ማንም እንደሌለ አስቀድማ ታውቃለች። ደግሞ፣ አሁን ሳስበው፣ ረገጥ ባደረግሁበት ቅጽበት ጠንከር አድርጋ የወቀጠች መሰለኝ። ላለመስማት ይሆን? አላውቅም። ልጠይቃት ብዬ ሁለቴ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል።

ጓደኛዬ ትናንት ደውሎ «እህ፣ ተስማማህ?» አለኝ። ድምፁ ሸጋ ነው አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሸጋ ነው። ዋጋውን ግን አልጠየቅሁትም።

ልዩነቱን እንዳሰማችሁ ብላችሁ ነበር። ጊታሩ እዚህ ነው፣ ገመዱም ተሰክቷል። ይሄ ሳይበራ ነው...

ሰማችሁት? እሺ። አሁን ደግሞ...

አይ፣ ይቅር። እማዬ ጓዳ ናት።