ግቢያችሁን ክፈቱልን፦ በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም አመሰግናለሁ። ሪፖርቱ በጽሑፍ ስለታደላችሁ አልደግመውም፤ የውሾች መጠለያችን ጣሪያ ተጠግኗል፣ ክትባት ተሰጥቷል፣ ቋሚ ባለቤት ያገኙ ውሾችም አሉን። በዚህ ልንኮራ ይገባናል።

ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀን ግን የባለአደራ ቤቶች ጉዳይ ነው። ባለቤት እስኪገኝ ድረስ ውሻ በግቢያችን እናቆያለን ብለው ፈርመው ከተመዘገቡት መካከል አብዛኞቹ፣ ክረምት ገብቶ መጠለያው በቡችሎች ሲጨናነቅ ስልካችንን አላነሱም። እውነተኛ ችግር የገጠመውን አንወቅስም፤ አስቀድሞ ቢነግረን ኖሮ ግን ሌላ ደጃፍ እናንኳኳ ነበር።

መጠለያው ውሻን ከረሃብና ከመኪና ያድናል እንጂ ለቤት አያበቃውም። ቡችላ ሰውንና የቤት ድምፅን ሳይፈራ የሚለምደው በተለይ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው፤ ይህ ጊዜ በሽቦ አጥር ውስጥ ካለፈ ፍርሃቱን ማስለቀቅ እጅግ ይከብዳል። ቡችሎችን በትውከትና በተቅማጥ የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስም አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ ክትባት ያልጨረሱ ቡችሎችን አንድ ቦታ ማጎር ሁሉንም ለሞት ማጋለጥ ነው።

ውሻ ሊወስድ የሚመጣ ሰው ዶሮ ትነካለች ወይ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ምን ትሆናለች ብሎ ይጠይቀናል፤ መልሱን የሚያውቀው ባለአደራው ብቻ ነው። ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንዲት እናታችን የተረከቧት ቀይ ውሻ መጥረጊያ ሲነሳ ባየች ቁጥር በሆዷ እየተሳበች ትሸሽ ነበር። እሳቸውም ቡና ባፈሉ ቁጥር ከረከቦቱ ራቅ አድርገው ቁራሽ እያኖሩላት፣ ቀስ በቀስ አጠገቧ ሲጠርጉ እንኳ ከተኛችበት የማትነሳ ሆነች። ዛሬ ልጆች ባሉበት ቤት ትኖራለች። እናታችን፣ እግዜር ይስጥልን።

ዛሬ ያልተገኛችሁ አባላት ሆይ፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውኃ፣ ይህ ቃል ይድረሳችሁ። ሳሎን አልጠየቅናችሁም፤ በእምነትም ሆነ በልማድ ውሻ ቤት እንዲገባ የማይፈልግ ብዙ ቤተሰብ እንዳለን እናውቃለን፣ እናከብራለንም። የደሴን ብርድና ዝናብ የሚከልል የበረንዳ ጥግ ይበቃል። ምግቡንና ሕክምናውን ማኅበሩ ይችላል፤ 3 ወር የሞላውን ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳናስከትብ አናስረክብም። ከእናንተ የምንሻው ማለዳና ማታ ቀርቦ የሚያየው ሰው ነው።

መዝገቡ በጸሐፊያችን እጅ ይገኛል። የማትችሉ ስማችሁን ዛሬውኑ አሰርዙ፣ ቅር አንሰኝም፤ የምትችሉ የምትረከቡበትን ወር ጻፉ። ያልመጡትን እኔ ራሴ በየደጃፋቸው ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ጉባኤው መከፈቱን በአክብሮት አስታውቃለሁ።