«ዳንሰኛ ብቻ ናት» አትበሉን

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ! አብዛኞቻችን አንድ ልምምድ አዳራሽ ውስጥ አብረን ያላብን ነን፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ከዳንስ ተነስታ የሆሊውድ ተዋናይት ስለሆነችው ስለ ኢቮን ዲ ካርሎ ተናገሪ ተብዬ ነው የመጣሁት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ። በ1922 ቫንኩቨር፣ ካናዳ ተወለደች። አባቷ ገና በልጅነቷ ጥሏቸው ሄደ። እናቷ በአስተናጋጅነት እየሠራች ዳንስ ትምህርት ቤት አስገባቻት፤ ይዛትም ሆሊውድ ገባች። እዚያ የምሽት ክበብ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተሰልፋ ጨፈረች። ፊልም ስትጀምርም ለዓመታት የደረሳት ስሟ እንኳን የማይጻፍበት ብጥቅጣቂ ቦታ ነው። በ1945 «ሳሎሜ፣ ዌር ሺ ዳንስድ» በተባለው ፊልም መሪ ተዋናይት ሆነች፣ ያውም የዳንሰኛ ገጸ ባሕርይ ይዛ። ማስታወቂያው ታዲያ ምን አለ? «የዓለም ቆንጆ»! የዚያን ሁሉ ዓመት ላብ ማን አነሳው? ማንም! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከዚያ የካውቦይ ፊልሞቹ ተከታተሉ። የመጠጥ ቤት ባለቤት ሆነች፣ በ1948 ዝነኛዋን ዳንሰኛ ሎላ ሞንቴዝን፣ በ1949 ደግሞ በአሜሪካ ምዕራብ ስሟ የገነነውን ካላሚቲ ጄንን ሆና ሠራች።

አሁን ልብ በሉልኝ። «አሥርቱ ትዕዛዛት»ን ያላየ እዚህ የለም መቼም። በ1956 የሙሴን ሚስት ሲፓራን ሆና የሠራችው እሷ ናት። ኦሪት ዘኍልቍ የሙሴን ሚስት ኢትዮጵያዊት ስለሚል፣ ሲፓራን እኛ እንደ ቤተሰብ ነው የምናያት። እህቶቿ ሙሴ ፊት የሚጨፍሩበትን ቦታ አስታወሳችሁ? ሁሉም ይሽከረከራሉ፣ ልብሳቸው ይበተናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ከሁሉም በላይ ዳንስ የምታውቀው ሴት ግን አትጨፍርም! ዳር ሆና ታያለች። ዓይናችን እሷ ላይ ይቀራል። እንዲህ መቆም ቀላል ይመስላችኋል? እስክስታ ስንመታ ትከሻችን እየተንቀጠቀጠ ወገባችንን ጸጥ አድርገን የምንይዝ ሰዎች እናውቀዋለን፤ ሰውነቱን ማዘዝ የማይችል ሰው መቆምም አይችልም። ትወና ማለት ይሄ ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ?

ባሏ ቦብ ሞርጋን ስታንት ሠሪ ነበር፤ በተዋናዮች ፈንታ አደገኛውን ትዕይንት የሚሠራ ማለት ነው። የካውቦይ ፊልም ሲቀረጽ በባቡር ትዕይንት ላይ አደጋ ደረሰበትና እግሩን አጣ። የሕክምናው ዕዳ ሲከማች ሥራ አላማረጠችም። በ1963 ዝነኛው የካውቦይ ተዋናይ ጆን ዌይን በራሱ ፊልም ቦታ ሰጣት፤ በዓመቱ «ዘ መንስተርስ» በተባለው አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ የጭራቆቹ ቤተሰብ እናት ሊሊ መንስተር ሆና መጣች። በ2007 አረፈች።

አዘጋጆቹን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዛሬ በር ላይ የታደለው ወረቀት የዘፋኙን፣ የመድረክ መሪውን፣ የመብራት ባለሙያውን ስም ሳይቀር ይዟል። ከፊልሙ በፊት የሚጨፍሩልን ልጆች ግን «ተወዛዋዦች» ተብለው ታልፈዋል። ስም አላቸው እኮ! መጋረጃው ጀርባ ቆመው ይሰሙኛል። አሁን አንድ በአንድ ይጠሩልን፤ ለሚቀጥለው ዝግጅት ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይታተም።

አመሰግናለሁ።