መዝገባችን የት ይደር?

የተከበራችሁ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና የጅማ ነጋዴዎች፤

ባለፈው የለቀማ ወቅት በአንድ ማኅበር ቢሮ ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ በቢሮው ያለችውን አንዲት ኮምፒውተር አቃጠላት። እሸት ቡና ያስረከቡ ገበሬዎች ክፍያ ሊቀበሉ በር ላይ ተሰልፈው ሳለ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ የካርቦን ደረሰኞቹን ወለሉ ላይ ዘርግታ እያንዳንዱን ኪሎ እንደገና ትደምር ነበር።

የመዝገቡ ቅጂ በክላውድ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባልመጣ ነበር። ክላውድ ማለት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተርን በኢንተርኔት መከራየትና በተጠቀሙበት ልክ መክፈል ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ኢሲቱ የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር አነስተኛውን ሰርቨር (በኢንተርኔት ለሌሎች የሚያገለግል ኮምፒውተር) በሰዓት በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ያከራይ ነበር። ጎግልና ማይክሮሶፍትም ተከተሉት፤ ዛሬ ሦስቱም በደቡብ አፍሪካ የመረጃ ማዕከላት አሏቸው። በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የተባለውን አገልግሎት ያቀርባል፤ ክፍያው በብር በመሆኑ ዶላር ለማግኘት ለሚቸገር ማኅበር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የአገልግሎቶቹ ልዩነት ሥራውን ማን ይሠራል በሚለው ላይ ነው። ባዶ ሰርቨር ብትከራዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን (እንደ ዊንዶውስ ያለውን ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሶፍትዌር) መጫንና ማደስ የእናንተ ፋንታ ነው፤ መድረክ፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተጭኖ ፕሮግራም ለማስኬድ የተዘጋጀ ሰርቨር፣ ብትከራዩ የራሳችሁን ፕሮግራም ብቻ ትጠብቃላችሁ። እንደ ጂሜይል ያለ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ከሆነ ግን ገብቶ መሥራት ብቻ ነውና፣ ሁለት ሠራተኛ ላለው ቢሮ የምመክረው ይህንኑ ነው። በሦስቱም የይለፍ ቃሉን መጠበቅና ማን መዝገቡን ይይ ብሎ መወሰን ከእናንተ አይወርድም።

ክላውዱ ለማንም ደንበኛ ክፍት የሆነ የወል፣ ለአንድ ድርጅት ብቻ የተለየ የግል፣ ተመሳሳይ ጉዳይ ያላቸው ድርጅቶች የሚጋሩት የማኅበረሰብ፣ ወይም እነዚህን ያጣመረ ቅይጥ ሊሆን ይችላል። መስመር በሚቆራረጥበት በእኛ አካባቢ የቢሮውን ኮምፒውተርና ክላውዱን ማጣመር ይሻላል እላለሁ፤ ቀን ሚዛኑ ላይ የተመዘገበው በቢሮው ኮምፒውተር ይቀመጥ፣ ማታ ኔትወርኩ ሲሻል ቅጂው ወደ ክላውዱ ይላክ። የገበሬዎቹ ስምና ስልክ የግል መረጃ በመሆኑም፣ ወደ ውጭ አገር ከመላካችሁ በፊት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚያዘውን ተመልከቱ።

ውል ስትፈርሙ፣ መልቀቅ ብንፈልግ መዝገባችንን በምን መልክ ትመልሱልናላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ከፈረማችሁም በኋላ ለቀማው ሳይጀመር የአንድ ቀን መዝገብ ከክላውዱ ወደ ሌላ ኮምፒውተር አውርዱና፣ ድምሩን ከደረሰኞቹ ጋር አስተያዩት።