መርዶ በስልክ አይነገርም፦ በእስራኤል፣ በአሽቀሎን ከተማ የቤተ እስራኤል እድራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን፣ እናቶች፣ ከሚሉኢም (ከተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) ፈቃድ ወስዳችሁ የመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንኳን የዘንድሮውን የስግድ በዓላችንን በሰላም አሳለፋችሁ። ለአዳራሹ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ለቡናው የሴቶች ኮሚቴውን አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋና ጸሐፊያችን በመጨረሻ ታነበዋለች፤ እኔ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የዓመቱ ሥራ ባጭሩ ይህ ነው፦ ድንኳኑ ታድሷል፤ የተሰባበሩት ወንበሮች ተለውጠዋል፤ በዕብራይስጡ ወር ኢያር 28፣ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ሲመጡ መንገድ ላይ ላለቁት ወገኖቻችን መታሰቢያ፣ ኢየሩሳሌም ወዳለው ሄርጽል ተራራ አውቶቡስ ሄዷል፤ በጁን 2025 ከኢራን ጋር በነበረው የ12 ቀን ጦርነት ስብሰባ ሲከለከል፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ምግብ በራቸው ድረስ ደርሷል።

ስለ ሂሳቡ አንድ ነገር ብቻ ልበል። «በዚህ አገር ቀብር በነፃ ነው፣ እድር ለምን እንከፍላለን?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የቀብሩን ቢቱዋህ ለኡሚ (የብሔራዊ መድን ተቋሙ)፣ የወታደሩን ደግሞ መከላከያ ሚኒስቴር ይችላል። ሰባቱን የለቅሶ ቀን ግን ማንም አይችልልንም። ድንኳን፣ ወንበር፣ ቡና፣ ከሌላ ከተማ የሚመጣ የለቀስተኛ አውቶቡስ የእኛ ነው። የጤፍ ሊጥ ሦስት ቀን መቦካት ይፈልጋል፤ ሞት ሦስት ቀን አያስታውቅም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሚቀርበው እንጀራ የተገዛ ነው፣ የተገዛው ደግሞ ውድ ነው። አርብ ከሆነ ሰንበት ሳይገባ ተገዝቶ ማለቅ አለበት። ድንኳኑም ባሻን ቦታ አይተከልም። በአሽቀሎን ሳይረን ሲጮህ ያለን 30 ሰከንድ ነው፤ ማማድ (ቤት ውስጥ የሚሠራ መጠለያ ክፍል) ግዴታ የሆነው ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፣ አብዛኞቻችን የምንኖርበት ሕንፃ ከዚያ የቆየ ነው። ስለዚህ ድንኳን የሚተከለው የሕዝብ ሚክላት (መጠለያ) አጠገብ፣ አሮጊት በከዘራ በምትደርስበት ርቀት ነው። አንዳንድ ቤተሰብ «ለምን ደጃችን ላይ አልተተከለም» ብሎ ተቀይሞናል። ቅያሜውን እንቀበላለን፣ ቦታውን አንለውጥም።

ዓመቱን ሙሉ ያጣላን ግን መርዶ ነው።

ልማዱን ታውቁታላችሁ። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ ይነገራል። ወታደር ሲሞት የሠራዊቱ አሠራር ሌላ ነው። መኮንኖቹ በመዝገብ ወደተጻፈው አድራሻ ሄደው ለወላጅና ለትዳር ጓደኛ ይናገራሉ፤ ወሬ እንዳይቀድማቸውም ይቸኩላሉ። ከዚያ «ሁታር ለፊርሱም» (ለሕዝብ እንዲገለጽ ተፈቅዷል) ይባልና ስሙ በሬዲዮ ይወጣል። በእኛ ቤት ግን ልጁን አዝላ ያሳደገች አያት አለች፤ አሽዶድ አክስት አለች፤ ጎንደር ላይ የዓሊያ (ወደ እስራኤል የመምጫ) ተራዋን የምትጠብቅ የእናቱ እህት አለች። ስሙ በሬዲዮ ሲነገር ከእነዚህ አንዷም አልተረዳች ይሆናል።

በዚህ መሃል ስልካችን ይገባል። አንድ አባል ፎቶና ሻማ ይለጥፋል፤ ክፋት የለውም፣ አዝኖ ነው። ኔታንያ ያለ ዘመድ ያየውና ለማረጋገጥ ይደውላል፤ የሚደውለውም ለአያትየዋ ነው። «ምነው፣ ምን ሰማሁ?» ይላል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ አሮጊት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዋን፣ የልጅ ልጇን ሞት ከስልክ ሰማች ማለት ነው።

ባለፈው ጉባኤ ያወጣነው ደንብ ለዚህ ነው። የሠራዊቱ ሰዎች ከወጡ በኋላ ቤተሰቡ ለአንድ ተጠሪ ብቻ ይደውላል። ተጠሪው ሁለት ሽማግሌና አንዲት ሴት ወደ አያትየዋ ቤት ይልካል፤ ሴትየዋ ቀድማ ገብታ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፣ ስልኩን ከአጠገቧ ታነሳለች፣ መድኃኒቷን መውሰዷን ታረጋግጣለች። ሠራዊቱ ጎህ እስኪቀድ ጊዜ ካልሰጠን ጎሁ ይቀራል፤ ሰው መሰብሰቡ ግን አይቀርም። ልጅ አስተርጓሚ አይሆንም፦ ዕብራይስጥ ስለሚችል ብቻ የ12 ዓመት ልጅ የወንድሙን ሞት ለእናቱ አይተረጉምም። ወደ ጎንደር የሚነገረው በአንድ ሰው በኩል፣ እዚያ ላሉ ሽማግሌዎች ነው፤ እዚያም ጦርነት አለ፣ መስመር ይቋረጣል፣ ግማሽ ወሬ ከሙሉው ቀድሞ ይደርሳል። ይህ ሁሉ አልቆ ተጠሪው «ተነግሯል» እስኪል ድረስ ማንም ምንም አይለጥፍም።

የምንለምነው የጥቂት ሰዓት ዝምታ ነው። «እኛ ዝም ብንል ሌላው ይለጥፈዋል» ተባልን። ሌላው ይለጥፈው፤ አያትየዋ ስልኳ ውስጥ ያስቀመጠችው ቁጥር ግን የእናንተ ነው። «ሀዘናችንን ማን ይከለክለናል» ብለው ከማኅበሩ የወጡ አሉ። ዛሬ እዚህ የሉም። ይህ ንግግር ግን አዳራሹ ሳይበተን እንደሚደርሳቸው አውቃለሁ፣ ለመላክ ማን ይቀድመናል! ስለዚህ ለእነሱም ልንገራቸው፦ ወንበራችሁ አልተነሳም፤ ተመለሱ፤ ደንቡ ግን ይቆያል።

በኦክቶበር 7 ቀን 2023፣ በስምሐት ቶራ በዓል ጠዋት፣ በሐማስ ጥቃት 1,200 ያህል ሰው ሲገደልና 251 ሰው ሲታገት፣ ብዙ ቤተሰብ የልጁን መጨረሻ ሳያውቅ ቀናት፣ አንዳንዱም ወራት ቆየ። አስከሬን ሳያገኙ ማልቀስን የእኛ ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ በሱዳን መንገድ 4,000 ያህል ሰው ቀርቶብናል። ከየቂቡጹ (ከየኅብረት መንደሩ)፣ ከየከተማው የማያውቁን አይሁድ ወደ ለቅሷችን መጥተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ በስም እንኳ የማያውቁትን ልጅ በባንዲራ ሸኝተዋል። ኮርቻለሁ። አፍሬማለሁ፤ እነሱ ከሃይፋ ሲመጡ ከማዶው ብሎክ ያልመጣ አባል ነበረና።

የከተማችን ልጅ አበራ መንግሥቱ ከሴፕቴምበር 2014 እስከ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 በጋዛ ታግቶ ቆይቶ ወደዚህች ከተማ ተመልሷል። በተመለሰ ዕለት ሁላችንም የቤተሰቡ ወዳጅ ነበርን። በአሥሩ ዓመት ሰልፍ የቆሙት ግን ጥቂት ነበሩ፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

በኦክቶበር 13 ቀን 2025 ደግሞ 20 ታጋቾች በሕይወት ሲመለሱ በየቤቱ እልል ተብሏል፤ ደግ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በለቅሶ ቤት ተራ የሚወጣ ሰው አጣን። ያኔ ገና ያልተመለሰ አስከሬን ነበር፤ የሠላሳ ቀን መታሰቢያና ሙት ዓመትም የተኩስ አቁም አያውቁም። ዘንድሮ ብዙዎቻችሁ ከመታሰቢያው የቀራችሁት በቀን ስህተት ነው፦ የኦክቶበር 7 ሙት ዓመት በዕብራይስጥ አቆጣጠር ቲሽሪ 22፣ በዓሉ ላይ ይውላል፤ በበዓል መቃብር ስለማይወጣ መንግሥት መታሰቢያውን ቲሽሪ 24 አድርጎታል። በስልካችሁ መዝግቡት።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለን በየጉባኤው እንተርታለን፤ ሎሚውን የሚሸከሙት ግን እነዚያው ሰባት ሰዎች ናቸው፣ ከእነሱም ሁለቱ ጉልበታቸውን ታመዋል።

በየጠረጴዛው አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ማን በቅድሚያ ይነገረው፣ ከማን ጋር፣ የበሩ መክፈቻ ማን ዘንድ ነው፣ አረጋዊው ምን መድኃኒት ይወስዳል፣ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ የትኛው ቄስ ይጠራ፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ለማን ይደወል። ወላጆች የተለያዩ ከሆነ ሁለቱም አድራሻ ይጻፍ፤ በአንድ ሰዓት ለሁለቱም ሰው እንልካለን። ባለፈው ዓመት ከግማሽ በታች ነው የሞላችሁት፤ «መርዶ መጥራት ነው» ብላችሁ ፈራችሁ። ልጁን ወደ ሠራዊት የሸኘ ሁሉ ይሙላ። እስክሪብቶ ከጸሐፊዋ ውሰዱ፤ ቡናው የሚቀርበው ወረቀቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው። አሁን ገንዘብ ያዡ ሂሳቡን ያቅርብ።