ጓዛችንን እንፍታ

(በብሩክስ፣ አልበርታ፣ ካናዳ በአዲስ ዓመት ዝግጅት ላይ ለተሰበሰቡ ወገኖች የቀረበ ንግግር)

እንኳን አደረሳችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ከማታ ሺፍት ወጥታችሁ እንቅልፍ ሳትጠግቡ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዓይናችሁ ላይ ይታያል። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚያ ኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ ወንበር አለ።

አዘጋጆቹ «ስለ ኑሯችን የሆነ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ሻንጣዬ ነው። ብሩክስ ስገባ አልጋዬ ሥር አንድ ትልቅ ሻንጣ ነበረኝ። ውስጡ አዲስ አንሶላ፣ ጀበና፣ ስድስት የቡና ሲኒ፣ እናቴ የላከችልኝ ጥልፍ መጋረጃ። አላወጣሁትም። «ለካልጋሪ ነው» እል ነበር። ሁለት ዓመት ልሥራ፣ ትንሽ ብር ልያዝ፣ ከዚያ ትልቁ ከተማ ካልጋሪ ሄጄ ኑሮ እጀምራለሁ። ሁለቱ ዓመት አምስት ሆነ። ልጄ እዚህ ተወለደች፣ ዳዴ አለች፣ ሮጠች። ሻንጣው እንደተቆለፈ ነው። አንድ ቀን ከአልጋው ሥር እየጎተተች አወጣችውና «እማ፣ የት ልንሄድ ነው?» አለችኝ። የምላት አጣሁ።

ዛሬ የማወራው ይሄንኑ ነው። ብዙዎቻችን ጓዛችንን አልፈታንም። መናኸሪያ ላይ አውቶብስ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የምንኖረው። የሚያልፍ ሰው ደግሞ ስለ ቤቱ አይጠይቅም፣ ጎረቤቱን አይተዋወቅም፣ ልጁን ዋና አያስመዘግብም። «ለአጭር ጊዜ ነው» ይላል። እኛ ግን አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላን ሰዎች ነን።

ደግሞ ይቺን ከተማ ብናውቃት ደስ ይለኛል። በፈረንጆቹ 2021 ቆጠራ 14,924 ሰው ነበራት። ያቺ ትንሽ ከተማ ናት እንግዲህ ራሷን «የመቶ ሰላምታ ከተማ» ብላ የምትጠራው፣ ከመቶ በላይ ቋንቋ የሚናገር ሰው ስለሚኖርባት። እኛን ያመጣን ሥጋ ፋብሪካው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲስፋፋ ሠራተኛ ፈለገ፣ እና ሱዳኑም፣ ሶማሌውም፣ ኢትዮጵያዊውም፣ ኤርትራዊውም፣ ፊሊፒኖውም መጣ። ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከዚያ በፊት ያለውን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም፣ እኔም በቅርብ ነው የሰማሁት። በ1850ዎቹ መጨረሻ ፓሊሰር የሚባል አሳሽ በዚህ በኩል አልፎ ነበር፣ ይሄ ደረቅ ሜዳ ለእርሻ አይሆንም ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፣ ዝናብ የለውም። ከዚያ የባቡር ኩባንያው፣ ካናዲያን ፓሲፊክ፣ መሬቱን ለገበሬ ለመሸጥ ሲል ከቦው ወንዝ በቦይ ውሃ አመጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ያን ረጅም የኮንክሪት ድልድይ የሚመስል ነገር ታውቁታላችሁ? ያ ድልድይ አይደለም፣ የውሃ መተላለፊያ ነው። ርዝመቱ 3.2 ኪሎ ሜትር ነው። በ1914 ተጠናቆ እስከ 1979 ውሃ አስተላልፏል። ኩባንያው ግን አልቀናውም፤ ገበሬው ዕዳውን መክፈል አቃተው፣ ብዙው ጥሎ ሄደ። የቀሩት ምን አደረጉ መሰላችሁ? በ1935 ተደራጅተው የመስኖ ሥራውን ከኩባንያው ራሳቸው ተረከቡት። እስከዛሬ በገበሬዎቹ ነው የሚተዳደረው። እነዚያ ሰዎች ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከየትም የመጡ ነበሩ። እንደኛው መጤ። ጓዛቸውን ስለፈቱ ነው ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር አንድ ክፍል የሚማሩት።

እሺ፣ ስለ ቤት ልምጣ።

መጀመሪያ የተከራየሁት ቤዝመንት፣ ከቤት ሥር ያለ ምድር ቤት፣ ነበር። አራት ሴቶች ደባል ሆነን። ሁለታችን ቀን፣ ሁለታችን ማታ ስለምንሠራ አልጋው አይቀዘቅዝም ነበር፤ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትገባበታለች። የምተኛበት ክፍል መስኮት የጫማ ካርቶን ያክላል። ዊንተር ላይ በረዶው በውጭ በኩል ተቆልሎ ይደፍነዋል፣ ቀንና ሌሊቱን የምንለየው በስልካችን ነው። አንድ ሌሊት ላይኛው ቤት ምግብ ምድጃ ላይ ረስተው ተኙ። ጭሱ በደረጃው ወረደ። ከእንቅልፌ ስነሳ ጉሮሮዬ ይቃጠላል፣ በሩ በኩል ምንም አይታይም፣ ዞር ብዬ መስኮቱን አየሁት። ጭንቅላቴ እንኳ አያልፍበትም። እግዚአብሔር ይመስገን ተያይዘን በደረጃው ወጣን፣ የከፋ ነገር አልደረሰብንም። ያን መስኮት ያየሁባትን ደቂቃ ግን አልረሳትም።

ለአከራያችን ነገርነው። «ካልተመቻችሁ ልቀቁ» አለን። ዝም አልን። ለምን ዝም አልን? ልንሄድ ነዋ! ለሁለት ዓመት ምን ያጨቃጭቃል አልን።

አሁን ያኔ የማላውቀውን ልንገራችሁ። ወደ ውጭ በቀጥታ የሚያስወጣ በር የሌለው መኝታ ክፍል፣ ሰው ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ ከውስጥ ከፍቶ የሚወጣበት መስኮት ሊኖረው ይገባል። ሲከፈት ክፍተቱ ቢያንስ 0.35 ካሬ ሜትር፣ በየትኛውም ጎን ከ38 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሜትር አውጡና ለኩት። ልጆቻችሁ የሚተኙበትን ክፍል ከሁሉ በፊት። ካልሞላ ዝም አትበሉ፣ የጤና ቁጥጥር ክፍል አለ፣ ስልክ ደውላችሁ ማስመርመር ትችላላችሁ፣ ተከራይ አቤቱታ ስላቀረበ ብቻ ማስወጣት በሕግ ክልክል ነው።

ዲፖዚትም፣ ስንገባ የምናስይዘው ገንዘብ፣ እንደዚሁ። አከራዮች ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መጠየቅ አይችሉም። ስትገቡና ስትወጡ ቤቱ ታይቶ፣ የምርመራ ወረቀት ተሞልቶ ቅጂው ለእናንተ ይሰጣል። ያ ወረቀት ካልተሠራ «ግድግዳው ተቧጥጧል» ብሎ ከዲፖዚታችሁ መቁረጥ አይቻልም። ስትወጡ አከራዩ በ10 ቀን ውስጥ ወይ ገንዘቡን ወይ ሒሳቡን ሊያሳውቃችሁ ይገባል። ኪራይ በስንት እንደሚጨመር አልበርታ ውስጥ ጣሪያ የለውም፣ ይሄ ያሳዝናል፣ ግን በዓመት ከአንዴ በላይ አይጨመርም፤ በወር የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ሦስት ወር ቀድሞ በጽሑፍ ነው የሚነገራችሁ። በቃል «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ» ማለት የለም።

መግዛት ለምትፈልጉ ደግሞ አንዲት ነገር። እዚህ የቤት ዋጋ ከካልጋሪ በጣም ያንሳል፣ እስከ 500,000 ዶላር ላለው ቤት ቅድመ ክፍያው ከ5 በመቶ ይጀምራል። እቁባችን ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል! ግን ልብ በሉ፣ ባንኩ ብዙ ጊዜ የ90 ቀን የሒሳብ መግለጫ ይጠይቃል። እቁብ ወጥቶላችሁ በነጋታው ሞርጌጅ፣ የቤት ብድር፣ ልትጠይቁ ብትሄዱ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ ይሏችኋል። ሦስት ወር አስቀድማችሁ ባንክ አስገቡት። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ለመጀመሪያ ቤት ገዢ የሚሆን ልዩ የቁጠባ ሒሳብ አለ፣ በዓመት እስከ 8,000 በጠቅላላው እስከ 40,000 ዶላር የሚገባበት፣ ያስገባችሁት ከታክስ የሚቀነስላችሁ፣ ለቤት ስታወጡትም ታክስ የሌለበት። ወለድ ለማትነኩ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ይሄ የሞርጌጁ ነገር እንደማይመለከታችሁ አውቃለሁ። ቁጠባውና የተከራይ መብቱ ግን ለሁላችን ነው።

ስለ ለቅሶም ሳልናገር አላልፍም። ጥቂት ዓመት ይሆነዋል፣ አንዲት እህታችን አገር ቤት እናቷ አረፉ። ሁለት መኝታ ክፍል ያለው አፓርታማ ነበራት። ወግ ነውና ሁላችንም ሄድን። ኮሪደሩ በጫማ ሞላ፣ ውጭ ከዜሮ በታች ሠላሳ ብርድ ነው፣ ሰው ደረጃ ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። የሕንፃው ሰው ጩኸት በዛ ብሎ መጣ። እሷ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች። እናቷ ሞተው ይቅርታ! በዚህ መሀል ፊት ለፊት የምትኖረው ፊሊፒኖ ጎረቤቷ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ምንም አልተናገረችም። ሶፋዋን ወደ ግድግዳ ገፋችው፣ ሩዝ ጣደች፣ ሰው በሁለቱ ቤት ተከፋፍሎ ተቀመጠ። አምስት ዓመት በር ለበር ኖረው ስሟን ያወቅነው ያን ቀን ነው።

እድራችን ገንዘብ ይሰበስባል፣ ጥሩ ነው። ግን ለቅሶ የምንቀመጥበት አዳራሽ ቀድሞ የተስማማንበት ይኑረን። በአስቸኳይ ሲያስፈልግ ማን ቁልፍ ይይዛል፣ ወንበር ከየት ይመጣል፣ ይሄ ዛሬ የሚጨረስ ነገር ነው። ደግሞ አራት አምስት ልጅ ላለው ቤተሰብ የሚሆን የኪራይ ቤት ይሠራልን ብለን ለከተማው ምክር ቤት እንናገር። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ ከሚናገር ሃያ ሆነን ብንቀመጥ ይሻላል። ከፋብሪካ በቀጥታ ብትመጡም ችግር የለም፣ የሥራ ልብሳችሁ አያሳፍርም።

አሁን ወደ ልጆቻችን።

ኒዌል ሐይቅን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከከተማው ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ኪንብሩክ አይላንድ ፓርክ ያለበት። ሰው የሠራው ሐይቅ ነው፣ ከዚያው ከመስኖው ጋር የመጣ። ሰመር ላይ ፔሊካን ይሰፍርበታል፤ ዝዋይ ላይ እንደምናየው ያለ ነጭ ትልቅ ወፍ። መጀመሪያ ሳየው እንባዬ ነው የመጣው። ሥጋ እንጠብሳለን፣ ቡና እናፈላለን፣ ልጆች ውሃ ዳር ይጫወታሉ፣ እኛ ወሬ እንይዛለን። አንድ እሁድ የእህቴ ልጅ በጎማ ላይ እንደተቀመጠ ነፋስ ገፍቶት ከዳር ራቀ። ስምንት ዓመቱ ነው። ከጎማው ተንሸራተተ። እኛ አሥራ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበርን፣ ዋና የሚችል አንድም የለም። ተሯሯጥን፣ ጮኽን፣ ወንድሜ እስከ ደረቱ ገባና ከዚያ በላይ መሄድ አልቻለም። ያወጣችው አጠገባችን የነበረች ልጅ ናት፣ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። እዚሁ ከተማ ገንዳ ውስጥ ነው ዋና የተማረችው። እህቴ እግሯ ላይ ወደቀች። ልጅቷ ግራ ገብቷት «ችግር የለም፣ ችግር የለም» ትላለች።

ያ ገንዳ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ነው። በየቀኑ እናልፈዋለን። ግብር እንከፍልበታለን። እኛ ግን የሌላ ሰው ነው ብለን ነበር የምናስበው። ሴቶች ብቻ የሚዋኙበት ሰዓት ከፈለግን እሱንም መጠየቅ እንችላለን፣ ብዙ ከተሞች ያደርጉታል፣ ብዙ ሆነን ከጠየቅን የሚሰማን ይመስለኛል።

በረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪም እንደዚያው። ልጄ «ልጫወት» ስትለኝ «ያ የነሱ ነው» አልኳት። የእቃው ዋጋም አስደነገጠኝ፣ እውነቴን ነው። ግን ኪድስፖርት አለ፣ ጃምፕስታርት አለ፣ አቅም ለሌለው ቤተሰብ የምዝገባና የእቃ ወጪ ይረዳሉ። ፎርም ሞላሁ፣ ተረዳን። አሁን ቅዳሜ ማለዳ እዚያ ቀዝቃዛ ወንበር ላይ ተቀምጬ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዋን ማሰሪያ አጠብቃለሁ። ጣቴ በቢላ ሥራ የደነዘዘ ስለሆነ ክሩን በደንብ መሳብ ይከብደኛል፣ አጠገቤ ያሉ አንድ ሽማግሌ አባት የክር መሳቢያ መንጠቆ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ቦታ ይይዙልኛል። የከተማችን የወጣቶች ሆኪ ቡድን ባንዲትስ በ2013፣ በ2019፣ በ2022 እና በ2023 በጁኒየር ኤ ደረጃ የካናዳ ሻምፒዮን ሆኗል። ኬል ማካር ከዚሁ ቡድን ነው በ2017 በአራተኛነት ለትልቁ ሊግ፣ ለኤንኤችኤል፣ የተመረጠው፣ በ2022 የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አነሳ። ልጆቻችሁ ስሙን ያውቁታል፣ ጠይቋቸው። እና ኳስ የሚወዱ ወንድሞቻችን፣ ዊንተር ላይ ቤት ውስጥ የምትጫወቱበት ሰዓት ከሺፍታችሁ ጋር ካልገጠመ እሱንም በአንድ ላይ እንጠይቅ፣ በየግላችሁ እያጉረመረማችሁ አትቅሩ።

ካልጋሪ መሄድ የምትፈልጉ ሂዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም፣ ልብስ አስይዘን ነው የምንሸኛችሁ። እስክትሄዱ ግን እዚህ ኑሩ። እኔ የዚያን ቀን ልጄ ከጎተተችው ሻንጣ ጀበናውን አወጣሁ። መጋረጃው ታጥፎ ስለቆየ መስመሩ አልጠፋም፣ አሁን ሳሎን ተሰቅሏል። ዛሬ የምታዩት ጀበና፣ እዚያ ረከቦቱ ላይ ያለው፣ እሱ ነው።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወረቀት አለ። አንዱ ለልጆችና ለትልልቆች ዋና መመዝገቢያ ነው፣ ትልልቆች ብያለሁ፣ እኔም ስሜ አለበት። ሁለተኛው ለቅሶ ቤት አዳራሽ ጉዳይ ለሚከታተሉ ሰዎች። ሦስተኛው አብረውን ምክር ቤት ለሚሄዱ። ስልካችሁንና ሺፍታችሁን ጻፉ፣ ቀኑን በዚያ ነው የምንመርጠው። ማታ ሺፍት ያላችሁ ቀድማችሁ ጻፉና ምግብ ይቅረብላችሁ፣ እንዳይረፍድባችሁ። ቡናው ሊደርስ ነው።