ባሕር ሥር ለመግባት ማን ይከፍልልሻል?

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶ። ወደብ ላይ የቆመች መርከብ።]

ጊዜው 1964 ነው። ቦታው ሞምባሳ ወደብ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።) አንዲት የምርምር መርከብ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ልትነሳ ነው። 70 ወንዶች ተሳፍረዋል። ሴት ግን አንድ ብቻ አለች። የከተማው ጋዜጣ ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነለትም። ምርምሩን ትቶ ስለ ሴትየዋ ጻፈ። ሲልቪያ ከ70 ወንዶች ጋር ትጓዛለች፣ ችግር ይገጥመኛል ብላ ግን አታስብም። ይኸው ነው የዜናው ርዕስ።

ያቺ ሴት ሲልቪያ ኧርል ናት፣ የባሕር አልጌ ተመራማሪ። ቀጥሎ ደግሞ ቴክታይት ሁለት ወደተባለው ፕሮጀክት ለመግባት አመለከተች። ተመራማሪዎች በቨርጂን ደሴቶች አጠገብ፣ 15 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ በተተከለ ቤት ውስጥ እየኖሩ የሚሠሩበት ፕሮጀክት ነው። ወንድና ሴት አንድ ላይ ውሃ ሥር ይክረሙ የሚለው ነገር ለአዘጋጆቹ አልተዋጠላቸውም። ስለዚህ ሴቶቹን ለብቻቸው ቡድን አደረጓቸው። አምስት ነበሩ፣ መሪያቸው ኧርል። በ1970 ሁለት ሳምንት እዚያ ኖረው፣ ሥራቸውን ሠርተው ወጡ።

ዛሬ ያን ዓይነት ርዕስ የሚያወጣ ጋዜጣ ቢኖር ጉድ ይፈላ ነበር። በሩ ላይ «ሴት አይገባም» የሚል ነገር የለም። በዩኔስኮ ሥር ያለው የውቅያኖስ ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከባሕር ሳይንስ ተመራማሪዎች በአማካይ 38 በመቶው ሴቶች ናቸው። ከሌሎች ሳይንሶች ጋር ሲተያይ ደህና ነው። በሩ ላይ የቀረው ሂሳቡ ነው። ሴቶች ስኩባ (አየር በሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ) እንዲማሩ፣ ባሕርን እንዲያጠኑ የሚከፍለው ማን ነው? የሚከፍለውስ ለምን ለምኑ ነው?

[ምስል፦ የቀይ ባሕር ኮራል። ትናንሽ ዓሦች ይተራመሳሉ።]

መጀመሪያ ግን አንድ ስኮላርሺፕ የት ድረስ እንደሚሄድ እንይ። ዩጂኒ ክላርክ በ1922 ተወለደች። ለድኅረ ምረቃ ስታመለክት አንድ ትልቅ ሳይንቲስት «አግብተሽ ልጆች ትወልጂያለሽ፣ እኛም ያስተማርንሽ ባክኖ ይቀራል» የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጧት። ሌላ ቦታ ተማረች። ዶክትሬቷን በ1950 ያዘች። ከዚያ የፉልብራይት ስኮላርሺፕ አገኘችና ግብፅ ሄደች፤ ቀይ ባሕር ዳር፣ ሁርጋዳ ወዳለው የባሕር ምርምር ጣቢያ። ዓሣ እየሰበሰበች ከረመች። ስትመለስ ስለ ጉዞዎቿ መጽሐፍ ጻፈች። መጽሐፉን ያነበቡ ባለሀብቶች ፍሎሪዳ ውስጥ ቤተ ሙከራ እንድትከፍት ጠሯት። በ1955 ከፈተችው። ያ ትንሽ ቤተ ሙከራ ዛሬ ሞት ማሪን ላቦራቶሪ ይባላል። (ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። የአንድ ሰው ስም ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።)

ሴትዮዋ ቀይ ባሕርን አልተወችውም። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ አንድ ጠፍጣፋ ዓሣ ላይ ሠራች። ይህ ዓሣ ሲነኩት ወተት የመሰለ መርዝ ይለቃል። ሻርክ ሊነክሰው ሲመጣ አፉን እንደከፈተ ይቀራል፣ መግጠም ያቅተዋል። «የሻርክ እመቤት» የሚለው ቅጽል ስሟ ይበዛባታል የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ በበኩሌ አይበዛባትም ባይ ነኝ።

[ምስል፦ ጠላቂ ሴት በውሃ ውስጥ ሜትር እየዘረጋች።]

አሁን ብዙ አመልካቾች ወደሚስቱት ነገር እንምጣ። በዚህ ሙያ ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ። አንዱ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ነው፣ ሌላው ውሃ ውስጥ ለመግባት። ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ መጀመሪያው ነው። ትልቁ እሱ ስለሆነ። ሁለተኛው ትንሽ ነው፣ ስሙም አይማርክም። እኔ ግን ወሳኙ ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። በየ10 ሜትሩ ስትወርጂ፣ ባሕሩ ገጽ ላይ የነበረውን ያህል ግፊት ይጨመርብሻል። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ሲሊንደርሽ ውስጥ ያለው አየርም በሦስት እጥፍ ፍጥነት ያልቃል። ጀማሪ ደግሞ ትደነግጣለች፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ዓይኗ የአየር መለኪያው ጌጅ ላይ ነው። ሐሳቧ ጓደኛዬ የት ሄደች የሚል ነው። እንግዲህ በዚህ መሀል ዓሣ ቁጠሪ ብትባል ምን ልትቆጥር ነው? የሪፍ (የኮራል ክምር) ቆጠራ ማለት ሜትር ተዘርግቶ፣ ከግራና ከቀኝ ያለውን ዓሣ በየዓይነቱና በየመጠኑ እየለዩ መመዝገብ ነው። ያውም ኮራሉን በእግርሽ ሳትመቺ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳትዪ፣ አንድ ቦታ ተንሳፍፈሽ። ይህ በልምድ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሰርተፍኬት ብቻውን የማይበቃው። ኦፕን ወተር የሚባለው ኮርስ እስከ 18 ሜትር ያወርድሻል። አድቫንስድ የሚባለው እስከ 30። አሜሪካ ውስጥ ሳይንሳዊ ጠላቂ ለመባል ግን የውሃ ውስጥ ሳይንስ አካዳሚያቸው ያወጣው መለኪያ 100 ሰዓት ሥልጠናና 12 ጊዜ መጥለቅን ይጠይቃል። በዚህ ላይ የሐኪም ምርመራ አለ። ጀልባ አለ። ማስክ፣ ፊን፣ የጠላቂ ኮምፒዩተር፣ ኢንሹራንስ። አንዲት ተማሪ የትምህርት ክፍያዋ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖላት፣ ይህን መክፈል አቅቷት ከመስክ ሥራ ልትቀር ትችላለች። የመስክ ሥራ የሌላት ደግሞ ለሚቀጥለው ስኮላርሺፕ ስትወዳደር የምታሳየው የላትም።

ሌላም አለ፣ ብዙ የማይወራለት። በዚህ ዘርፍ ልምድ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በነጻ በመሥራት ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ራስሽ ከፍለሽ። አራት ጥቁር አሜሪካውያን የሻርክ ተመራማሪ ሴቶች በ2020 በትዊተር ተዋወቁና፣ አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ማይኖሪቲስ ኢን ሻርክ ሳይንስስ ይባላል፣ ሚስ ብለው ያሳጥሩታል። ከፍሎ የመሥራት ልማድ ድሃውን ከበር ይመልሳል የሚል ነው መነሻቸው። አባልነቱ ነጻ ነው።

[ምስል፦ ስሞቹ በስክሪኑ ላይ።]

ታዲያ ገንዘቡ የት ይፈለጋል? ለእኔ ቀዳሚው ውሜን ዳይቨርስ ሆል ኦፍ ፌም ነው፤ የሴት ጠላቂዎች የክብር አዳራሽ እንበለው። ከ2000 ጀምሮ በሙያው ስም ያላቸውን ሴቶች በአባልነት ያከብራል፣ ኧርልም ክላርክም አሉበት። በየዓመቱ ደግሞ ለሴቶች ስኮላርሺፕና የሥልጠና ድጎማ ይሰጣል። የባሕር ጥበቃ አለ፣ የውሃ ውስጥ አርኪዮሎጂ አለ፣ ገና ስኩባ ለምትጀምርም አለ። የአካል ጉዳት ላለባት ሴት ሥልጠና የተለየ ድጎማም ሰጥተው ያውቃሉ። እያንዳንዱ የራሱ ለጋሽ አለው፤ ስለዚህ መስፈርቱም የየራሱ ነው። አንዱን አንብቦ ሌላውን መገመት አይሠራም።

አወር ወርልድ አንደርወተር ስኮላርሺፕ ሶሳይቲ ከ1974 ጀምሮ አለ። ሮሌክስ የሰዓት ኩባንያው ይደግፈዋል። ለሴት ብቻ አይደለም፣ ወንዶችም ይወዳደራሉ። ገንዘቡን ዲግሪ ላይ አያውለውም። ወጣቱን ወይም ወጣቷን አንድ ዓመት ሙሉ ከውሃ ውስጥ ባለሙያዎች ጋር እያዘዋወረ ያሠራል። የሚመርጠው ከሰሜን አሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ አካባቢ ነው። እድሉ ላላቸው ግን እንዲህ ያለ ዓመት በገንዘብም አይገዛም።

ለዲግሪ ከሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ በናንሲ ፎስተር ስም በ2000 በሕግ የተቋቋመው ስኮላርሺፕ በተለይ ሴቶችንና አናሳ ወገኖችን ታስቦ የተሠራ ነው። ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው። ከታዳጊ አገር የሆነች ሴት ለዶክትሬት ጣሊያን፣ ትሪየስቴ የሚገኘውን ኦ ደብሊው ኤስ ዲ ትመልከት፤ በታዳጊ አገሮች ያሉ ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ማለት ነው። ለማስተርስ ደግሞ በቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ኢምብርሲ የተባለ የባሕር ሀብት ፕሮግራም አለ። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ዜግነት አይመርጥም። ለሴቶች ብቻ የሚለውን ብቻ እየፈለግሽ እነዚህን እንዳታልፊ።

[ምስል፦ ባዶ ወረቀት፣ እስክሪብቶ።]

ማመልከቻው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ባሕር እወዳለሁ።» በናትሽ ይህን አትጻፊ። አንባቢዎቹ ሁሉም ባሕር ይወዳሉ፤ ያመለከቱትም ሁሉ ይወዳሉ። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚያርፍ ጻፊ። ለምሳሌ፦ «ይህ ድጎማ የሬስኪዩ (የነፍስ አድን) ኮርሴን ይሸፍናል። ያ ሰርተፍኬት ካለኝ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የሚያስፈልገውን የሪፍ ቆጠራ ቡድን መቀላቀል እችላለሁ።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ገንዘቡ የት ገብቶ ምን ይዞ እንደሚወጣ ያሳያል። ሂሳብሽንም ዘርዝሪው፤ ኮርሱ ይህን ያህል፣ ጀልባው ይህን ያህል ብለሽ። ክብ ቁጥር ብቻ ከሆነ ያልተጠና ይመስላል።

የድጋፍ ደብዳቤ ስትለምኚ ስምሽን በትክክል መጻፍ የማይችል ትልቅ ሰው ጋ አትሂጂ። ስትሠሪ ያየሽ ረዳት አስተማሪ ይሻላል። ወር ሲቀረው ጠይቂ እንጂ በዋዜማው አይደለም። ስኮላርሺፕሽን ለመልቀቅ አስቀድመሽ ክፈዪ የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ሌባ ነው፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

[ምስል፦ መዋኛ ገንዳ፣ ማለዳ።]

በመጨረሻ ሁልጊዜ የምጠየቃቸው። የወር አበባ ሻርክ ይጠራል ወይ? ለዚህ ማስረጃ የለም። ነፍሰ ጡር ሆኖ መጥለቅስ? አይመከርም፤ ሐኪሞቹ በዚህ ላይ አይደራደሩም። አስም ወይም የጆሮ ችግር ካለብሽ ከማመልከቻው በፊት ሐኪም ጋ ሂጂ። ቅጹ ላይ መጠየቅሽ አይቀርም፣ ገንዘቡ ከተሰጠሽ በኋላ ማወቅሽ ደግሞ ያበሳጫል።

ዋናስ? ዋና ግዴታ ነው። የመጀመሪያው ኮርስ 200 ሜትር ሳታቋርጪ እንድትዋኚና 10 ደቂቃ ያለ ምንም መሣሪያ እንድትንሳፈፊ ይጠይቃል። ፍጥነት አይቆጠርም፣ ስታይል አይመረጥም። ለዚህኛው ስኮላርሺፕ የሚሰጥ የለም፤ የማመልከቻው ጊዜ እስኪከፈት ድረስ ግን ልትጨርሺው ትችያለሽ።